በሁለት ጀሪካን መኪና የሚያጥበው ማሽን፦ ሞክሬዋለሁ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

(ማሳሰቢያ፦ ክሩ፣ ማለትም ይህ የመድረኩ ውይይት፣ 31 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ከማንበብ እንዲድን ብዬ መልሶቹን በራሴ አነጋገር ከሥር አስገብቻለሁ። የመጀመሪያ ጽሑፌን አልነካሁትም። ስህተቱም እንዳለ ነው።)

ሰላም ቤተሰብ። ሀዋሳ ነኝ፣ አላሙራ በኩል። እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ እሱም ሌሊት። ሮቶው ሞልቶ እንዲያድር አንድ ሰው መንቃት አለበት። ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። በዚህ ውሃ መኪና ላጥብ ብል ባለቤቴ ምን እንደምትለኝ ገምቱ። ስለዚህ ጥቁሯን ያሪሴን በየሳምንቱ ላቫጆ ስወስድ ኖሬያለሁ። አሁን አንዱ እጥበት 250 ብር ገብቷል።

ባለፈው ወር አንድ ዕቃ ገዛሁ። በባትሪ የሚሠራ የመኪና ማጠቢያ ሽጉጥ ነው። ቅርጹ የግድግዳ መብሻ ድሪል ይመስላል። ካርቶኑ ውስጥ ሽጉጡ፣ ሁለት ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ረጅም አፍ፣ የአረፋ ጠርሙስና ጫፉ ላይ ወንፊት ያለው 5 ሜትር ጎማ አለ። ጎማውን ባልዲ ወይም ጀሪካን ውስጥ ትከታለህ፤ ማሽኑ ራሱ ስቦ ይረጫል። ቧንቧ አይፈልግም። ልቤን የወሰደው ይህ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 48 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለ። 5 ሺህ 800 ብር ከፈልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ሞከርኩት። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ሳይሆን ጩኸት ነው። ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው ውስጥ ግን አየር ብቻ ነው ያለው። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ተነሣ። ጎማውን በውሃ ሞልቼ፣ ጀሪካኑን ወንበር ላይ ሳወጣው ነው መሳብ የጀመረው። መመሪያው ላይ ተጽፎ ይሆናል፤ ለእኔ የደረሰኝ ግን ቻይንኛው ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ደስ አለኝ። የመኪናው ጎማ ጥርስ ውስጥ የተጋገረው ጭቃ በጣት ቢነኩት የማይነቃነቅ ነበር። ውሃው ሲያርፍበት እንደ ቂጣ እየተላጠ ወረደ። ቸርኬው ላይ የነበረው ጥቁር ዱቄትም እንዲሁ።

ሰዓት ይዤ ለካሁት። 20 ሊትሩ ጀሪካን በ7 ደቂቃ ተኩል አለቀ። በደቂቃ 2.7 ሊትር አካባቢ ማለት ነው። ያው ጀሪካን ውሃ በመጣ ሌሊት ከቧንቧችን ሲሞላ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው የሚፈጅበት። በደቂቃ ከ13 ሊትር በላይ ነው እንግዲህ። የመጀመሪያው ባትሪ 11 ደቂቃ ሠርቶ ቀጥ አለ። ሁለተኛውን ቀይሬ አለቃለቅኩ። በጠቅላላ ሁለት ጀሪካን፣ 40 ሊትር። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆማ ጀሪካኖቹን ቆጠረች። ምንም አላለችም። ይህ በእኛ ቤት ትልቅ ድጋፍ ነው።

አረፋው ግን አሳፍሮኛል። ቪዲዮ ላይ መኪናው በረዶ የጣለበት ይመስላል። የእኔ አረፋ ማኪያቶ ላይ የሚቀመጠውን ያህል ሆኖ ወዲያው ተንሸራቶ ወረደ።

ሒሳቡን እንይ። 5 ሺህ 800 ለ250 ሲካፈል 23 እጥበት ነው። ከስድስት ወር ባነሰ ጊዜ ዋጋውን መለሰ ማለት ነው። ስለዚህ አቋሜን ልናገር፤ ውሃ ለሚቸገር የሀዋሳ ሰው ከዚህ በኋላ ላቫጆ አያስፈልገውም። ተሳስተሃል የሚል ይምጣ። ጥያቄዬ ደግሞ ሁለት ነው። ከእናንተ ውስጥ ማሽኑ ዓመት የቆየለት ሰው አለ? 48 ቮልቱስ የእውነት ነው?

መልሶቹ

1ኛው በሩብ ሰዓት ውስጥ መጣ። እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀመረና የት እንደገዛሁት ጠየቀ። የሱቅ ስም እዚህ መጻፍ ስላልፈለግኩ በውስጥ መስመር ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ይህንኑ በውስጥ መስመር የጠየቀኝን ሰው ብዛት ብነግራችሁ አታምኑም።

2ኛው የአዳማ ሰው ነው። ጨዋ፣ ረጋ ብሎ የሚጽፍ። ተመሳሳይ ማሽን ከያዘ ስምንት ወር ሆኖታል። እስካሁን የተበላሸበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጎማው ከሽጉጡ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለችው ትንሽ የላስቲክ ቀለበት አርጅታ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረች። ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ መሰሏን አግኝቶ ቀይሯታል። ምክሩ ይህ ነው፦ ሥራ ሲያልቅ ጎማውን ከውሃው አውጥቶ ውስጡ የቀረው እስኪወጣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ማስነሣት፣ ከዚያ ማጥፋት። ያለ ውሃ ብዙ ከዞረ ፓምፑ ይበላሻል። አዳማ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ ይላል። መኪናው ሳይደርቅ ነፋሱ አቧራውን መልሶ ያለብሰዋል። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ከተማዋ ጥግ የተተከሉት በከንቱ አይደለም ማለቱ ነው።

3ኛው ላይ ነገሩ ጠነከረ። ጸሐፊው ፒያሳ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው ነው። በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ፣ 48 ቮልት የሚባለው ነገር ቮልት አይደለም አለ። ቁጥሩን ተከትለው የተጻፉትን ትናንሽ ፊደላት ልብ ብለህ እይ፣ ቪኤፍ የሚሉ ከሆነ የሞዴል ምልክት ነው ብሎ መከረኝ። ሄጄ አየሁ። ቪኤፍ ይላል። ካላመንክ ባትሪውን ፈትተህ ቁጠር ብሎም ጨመረ።

ፈታሁት። ባለቤቴ ቤት አልነበረችም። በካቻቪቴ አራቱን ብሎን አውጥቼ ክዳኑን ሳነሣ አምስት ክብ ባትሪዎች ተደርድረው አገኘሁ። የአሥር ቦታ ባለው ፕላስቲክ ውስጥ አምስት ብቻ! ግማሹ ባዶ ነው። 18650 የሚባሉት ናቸው፤ ቁጥሩ 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። እያንዳንዱ 3.7 ቮልት ነው። አምስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 18.5። ቻርጅ ሞልተው እያንዳንዳቸው 4.2 ሲደርሱ 21። ከዚያ ወዲያ የለም። የተጻፈባቸው አቅም 1 ሺህ 500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። ሲባዛ ወደ 28 ዋት ሰዓት ይመጣል። ባለ 40 ዋት አምፖል 40 ደቂቃ ያህል ያበራል እንጂ ሌላ ተአምር የለውም። ባትሪው በ11 ደቂቃ ለምን እንዳለቀ ያኔ ገባኝ። ማሽኑ ወደ 150 ዋት ይበላል ማለት ነው። ፎቶውን ለጠፍኩ። 3ኛው ሰው አንድ የሳቅ ምልክት ብቻ ላከ። ተገቢ ነው።

4ኛው ቮልት ምን ያደርግልሃል፣ መኪና የሚያጥበው ግፊት ነው ብሎ 3ኛውን ተጋፋ። ትንሽ ቆጣ ያለ ነበር። 3ኛው በ5ኛ መልስ ተመልሶ በቁጥር አስረዳው። የቤት ቧንቧ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ባር ነው። እንዲህ ያሉት የባትሪ ሽጉጦች ሃያ ባር አካባቢ ከሰጡ ጥሩ ናቸው። ሶኬት ላይ የሚሰኩት የቤት ማሽኖች ግን ከ100 ባር ይጀምራሉ፤ የላቫጆዎቹ ከዚያም ያልፋሉ። ስለዚህ የእኔ ማሽን ከቧንቧ ጎማ ይበልጣል፣ ከላቫጆ ደግሞ በጣም ያንሳል። ውሃ ቆጣቢነቱ ግን እውነት ነው፤ የሚረጨው ትንሽ ነውና። እኔ ዕቃውን የገዛሁት ለጉልበቱ ብዬ ነበር። የጠቀመኝ በስስቱ ነው።

6ኛዋ አንዲት እናት ናቸው። ባለቤታቸው ይህንኑ ዕቃ ለመኪና ብለው ገዝተው ሁለት ጊዜ ተጠቅመውበት ጣሉት። አሁን እሳቸው ምንጣፍ፣ የመስኮት ወንፊትና የዶሮ ቤት ያጥቡበታል። የዶሮ ቤቱ ወለል ላይ ደርቆ የተጣበቀውን በጥሩ ሁኔታ ያነሣል ይላሉ። 7ኛውና 8ኛው ስለ መኪና አንድ ቃል አልተናገሩም። የዶሮ መኖ ዋጋ የት እንደደረሰ ሲያማርሩ ቆዩ። አላቋረጥኳቸውም፤ ያማረሩት እውነት ነው።

9ኛው እዚሁ ሀዋሳ ላቫጆ የሚሠራ ወጣት ነው። ሰላምታው ሙሉ ነበር፤ ከሰላምታው በኋላ ግን አልማረኝም። ላቫጆ አያስፈልግም ያልኩትን ያዘ። የመኪናህን ሆድ አይተኸዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ያጠብኩት ጎረቤት የሚያየውን ነው። ከሥር፣ በፓራፋንጎው ውስጥ፣ ጭቃ ተጣብቆ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ያንን ለማውጣት መኪናው ከፍ ማለት፣ ግፊቱም መበርታት አለበት። በመጨረሻም አብረውት የሚሠሩ አራት ልጆች እንዳሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ባይኖር ቤት ኪራይ እንደማይከፍሉ ጻፈ። አልለመነም፤ እንደ ሒሳብ ነው ያስቀመጠው።

10ኛው የላቫጆውን ልጅ ደገፈ። 11ኛው ግን ተነሥቶ ዋጋችሁን በየወሩ ስትጨምሩ ማን አዘነልን አለ። ከወንበር ሥር ሳንቲም ጠፍቶብኛል ብሎም አከለ። ልጁ መልስ አልሰጠውም። እኔ ብሆን እሰጠው ነበር።

12ኛውን ሳነብ ላብ ላብ አለኝ። ጽሑፉ በጣም አጭር ነው። የለጠፍኩት የመኪናው ፎቶ ጥላ ውስጥ የተነሣ ነው፤ እስቲ ኮፈኑን ፀሐይ ላይ አንሣው አለ። ይኸው ነው። ሰዎች በመልሱ ሥር ድጋፋቸውን መደርደር ጀመሩ።

እውነቱን በ13ኛው ላይ ጻፍኩ። እዚህም ልድገመው። የመጀመሪያው ባትሪ ሲያልቅ ኮፈኑ ገና በደንብ አልተለቀለቀም ነበር። ሁለተኛውን ባትሪ ለማለቅለቂያ ላቆየው ብዬ ሰሰትኩ። ስለዚህ ሳሙና ቀብቼ በጨርቅ ፈተግኩት። ጨርቁ ደግሞ ክሩስኮት የምወለውልበት ነው፤ አንድ ጊዜ መሬት ወድቆ አንሥቼ አራግፌዋለሁ። ጥላ ውስጥ ምንም አይታይም ነበር። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ኮፈኑ ሙሉ የሸረሪት ድር ሆነ። ክብ ክብ፣ ቀጭን ቀጭን ጭረት፣ እጄ የዞረበትን አቅጣጫ ሁሉ የሚያሳይ። በጣቴ ስዳስሰው አይታወቅም። በዓይን ግን ይጮኻል። በመጀመሪያው ጽሑፌ ያልጠቀስኩት አፍሬ ነው።

14ኛው መልስ ከክሩ ሁሉ የምወደው ነው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ጥፋቱን ከእኔ ላይ ትንሽ አነሡልኝ፤ ከዚያ መልሰው አስቀመጡብኝ። የሀዋሳ አቧራ እንደ ሌላው አገር አቧራ እንዳልሆነ አስረዱ። ከተማዋም ሐይቁም ያሉት በአሮጌ እሳተ ገሞራ ገንዳ ውስጥ ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩል ኮርቤቲ የሚባለው እሳተ ገሞራ አለ፤ እዚያ ጥቁሩ የባልጩት ድንጋይ ተዘርግቶ ይታያል። የእኛ አፈር ከዚህ ሁሉ የወጣ አመድና ፑሚስ ያለበት ነው። ፑሚስ ማለት ተረከዝ የምንፈትግበት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ነው። ሲፈጭ ስብርባሪ መስታወት ማለት ነው። የመኪና ቀለም የላይኛው ልባስ ደግሞ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ይሳሳል። እና አንተ ተረከዝ መፈተጊያ ይዘህ መስታወት የመሰለ ኮፈን ፈተግክ ብለው ዘጉት።

15ኛው የእሳቸው የድሮ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። ሰላምታ፣ የትምህርት ቤት ትዝታ፣ ማን የት ደረሰ፣ ማን ውጭ ሄደ። ረጅም ነው። መምህሩ በአንድ መስመር መርቀውት አለፉ።

16ኛው መድኃኒቱን ይዞ መጣ። ሁለት ባልዲ ያዝ ይላል። አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። ስፖንጁን ወደ ሳሙናው ከመመለስህ በፊት በንጹሑ ውሃ አራግፈው። ከጣሪያ ጀምረህ ወደ ታች ውረድ፤ ቸርኬና የበሩ ታችኛ ክፍል መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅ። ክብ አትዙር፣ ቀጥ አድርገህ ሳብ። ከሁሉም በፊት ግን ያለ እጅ፣ በውሃ ብቻ አቧራውን አውርድ። የዚህ ሽጉጥ ዋና ሥራ እሱ ነው፤ ከመንካትህ በፊት ማራገፍ። ለዚያ ሃያ ባር ይበቃል።

ከዚያ ኦሞው መጣ። 17ኛው የአይሱዙ ባለቤት ናቸው። ከሐዋርያው ጳውሎስ ዘመን ጀምሮ ይመስል፣ መኪናቸውን በኦሞ ብቻ ሲያጥቡ እንደኖሩና ቀለሙ እንደ መስታወት እንደሆነ ጻፉ። ሻምፖ የሚባለው የሀብታም ጨዋታ ነው አሉ። 18ኛው ጋሼ ብሎ አክብሮ ጀምሮ፣ ኦሞ የተሠራው የሸሚዝ አንገት ላይ ያለ ቅባት ለማውጣት ስለሆነ የመኪናውን ሰምም አብሮ እንደሚያወጣ አስረዳ። ላርጎም ያው ነው፤ የወጥ ድስት ማጠቢያ ነው። ጋሼ ተናደዱ። በ19ኛው ላይ መኪና የገዛኸው መቼ ነው፣ እኔ ስነዳ አንተ ጡት ትጠባ ነበር ወደሚል ሄዱ። እዚህ ላይ ጨዋታው ከረረ። የእኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የአይሱዙ ቀለምና የጥቁር ያሪስ ቀለም ከባለቤቱ የሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለም።

20ኛዋ ክሩን ወደ ሌላ መንገድ ወሰደችው። ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የምትሮጥ ሴት ናት። ስለ ባትሪና ስለ ኮፈን ይህን ሁሉ ጻፋችሁ፤ 40 ሊትሩ የት ሄደ ብላ ጠየቀች። ግቢዬ ዘቅዛቃ ነው። ውሃው በበሩ ሥር ወጥቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ቦዩ ደግሞ ወደ ሐይቁ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ጎማቸውን ሐይቁ ውስጥ ነክረው የሚያጥቡ መኪኖችና ባጃጆች በየቀኑ እንደምታይም ጨመረች። ነውር ነው ብላ ጨረሰች።

21ኛው የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ባጃጅ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ወሰደው። እኔ በአንድ ጀሪካንና በአንድ ጨርቅ ነው የማጥበው፣ በቀን የምሠራውን ብታውቂ ለላቫጆ ክፈል አትዪኝም ነበር አለ። ሐይቅ ዳር የምታዪያቸው ትልልቅ መኪኖች ናቸው፣ እነሱን ግን አትናገሪም ብሎም መታት። ይህኛው መልስ ትንሽ እውነት ነበረው። እሷም በኋላ አምናለታለች።

22ኛው ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ያደገ ሰው ነው። ስለ ማጠቢያው ምንም አላለም። ልጅ ሆኖ ከዓሣ አጥማጆቹ ሥር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው አንጀት ሲጠብቁ፣ እሱም ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ተሰልፎ ቆሮሶ ዓሣ ሲጠብቅ እንደነበር ጻፈ። ውሃው ያኔ እንዲህ አረንጓዴ አልነበረም ይላል። አሁን ልጆቹን ይዞ ሲሄድ ጥብስ ያበላቸዋል፤ ዋና ግን አያስዋኛቸውም።

መምህሩ በ23ኛው ላይ ተመለሱ። የሀዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው በዋናነት የሚሄደው ወደ ሰማይ ነው፣ ተንኖ። ሳሙናና ዘይት አይተንም። የገባው ይቀመጣል። ሳሙናው ፎስፌት ካለበት ደግሞ አልጌውን ይመግበዋል።

የአዳማው ሰው ይህን አይቶ ቀልድ ብጤ ወረወረ፤ እኛ አዋሽ አለን፣ ይዞልን ይሄዳል አለ። 25ኛው ክፉኛ ተቆጣው። አዋሽም ባሕር አይደርስም፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ነው የሚያልቀው፤ የአንተን አረፋ ከታች የሚጠጣው የሰው ከብት ነው አለው። አዳሜ ከተማህ ራሷ አዋሽን አጣርታ እንደምትጠጣ አታውቅም ወይ ብሎም ደገመው። የአዳማው ሰው ይቅርታ ጠየቀ። ጨዋ ነው ብያችኋለሁ። 26ኛው መልስ የለም፤ የመድረኩ አስተዳዳሪ ሰርዞታል። ያነበብነው ሰዎች መሰረዙን አልተቃወምንም።

27ኛው ወደ ማሽን መለሰን። ሶኬት ላይ የሚሰካውን፣ ትልቁን ነበር የገዛው። አብረውት የሚመጡት አፎች በቀለም የተለዩ ናቸው። ቀዩ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ውሃውን እንደ መርፌ አድርጎ ያወጣል። ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40 ነው። ይህን ሳያውቅ ቀዩን ገጥሞ፣ አንድ ስንዝር ተጠግቶ ፓራውልቱን ረጨው። ከዚህ በፊት ተቀብቶ የነበረው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ለመኪና ነጩን ወይም አረንጓዴውን ገጥሞ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሳይጠጉ ነው። የመኪናው ጎማ ጎን ላይም አፍ ማስጠጋት አይገባም። ታሪክ የሚወድ ስለሆነ መሰለኝ፣ ጀርመናዊው አልፍሬድ ካርቸር የሞቀ ውሃ በከፍተኛ ግፊት የሚረጨውን ማሽን በ1950 እ.ኤ.አ. እንዳወጣም ነገረን። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሶኬት ከሚጠብቅ ማሽን ይልቅ የእኔ ይሻላል ብሎ አጽናናኝ። እርጥብ ወለል ላይ ኤክስቴንሽን እየጎተቱ ማጠብ ደግሞ ሞት መጥራት ነው አለ። እውነት ነው።

28ኛው የእኔ ነው፤ ሁለተኛው ሙከራ። እሑድ ጠዋት መኪናውን ከሲሚንቶው አንሥቼ አቮካዶው ሥር፣ አፈሩ ላይ አቆምኩት። ውሃው እዚያው ሰመጠ፤ ቦይ አልገባም። የመጀመሪያውን ባትሪ ሙሉ በሙሉ ለማራገፊያ ብቻ አዋልኩት። እጄን ኪሴ ከትቼ ማለት ይቻላል። ከዚያ ሁለት ባልዲ፣ አዲስ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ አንድ ክዳን ሻምፖ። በሁለተኛው ባትሪ አለቃለቅኩ፤ ለባልዲዎቹ የሚሆን ትንሽ ውሃ ጨምሬ ጠቅላላው 55 ሊትር ሆነ። አዲስ ጭረት የለም። አሮጌው እንዳለ ነው፤ ፖሊሽ ይፈልጋል፤ የፖሊሹን ዋጋ ጠይቄ ዝም ብያለሁ። የ23 እጥበቱን ሒሳብ እንግዲህ እናንተው አስተካክሉት።

29ኛው አቮካዶው ሻምፖ ሻምፖ እንዳይል ሰጋ።

30ኛው የላቫጆው ልጅ ነው። ና፣ ሆዱን ላሳይህ ብሎ ጋበዘኝ። ማክሰኞ ሄድኩ። መኪናውን ከፍ አድርጎ ከፊት በቀኝ በኩል ፓራፋንጎው ውስጥ ገባበት። የወጣው ጭቃ አንድ ባልዲ ይሞላል። ከጭቃው ውስጥ የደረቀ የአቮካዶ ቅጠል፣ አንድ የለስላሳ ቆርኪና ከየት እንደመጣ የማላውቀው የጫማ ክር ወጣ። ከሥሩ ያለው ብረት አንድ ቦታ ላይ ቡናማ ሆኗል። ገና አልበላውም፤ ቢቆይ ግን ይበላው ነበር። ሽጉጤንም ይዤ ሄጄ ነበር። እጁ ላይ ረጭቶ ሳቀ። ቆይቶ ግን ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ ሞከረውና ፊቱ ተለወጠ። ለሞተር ቤት የእነሱ ማሽን ይበረታል፤ ውሃው የኤሌክትሪክ ማገናኛዎቹ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ግን አቧራውን ብቻ ያነሣል አለ። 3 ሺህ ብር ልስጥህ አለኝ። አልሸጥኩም። ለሆድ ማጠቢያው ግን ሙሉ ዋጋ አስከፈለኝ፤ አንድ ብር አልቀነሰም።

31ኛው ዛሬ ጠዋት ገባ። ክሩን እንዳላነበበ ያስታውቃል። የት እንደገዛሁትና 48 ቮልቱ እውነት መሆኑን ይጠይቃል።